ከመሪው ሥር የምትጮኸው ነገር

መስከረም 14

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ ጉልበትዎ እንዳይቆረጥም፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ መኪናይቱም እንዳታስነጥስ እየተመኘሁ ጀመርኩ። እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱም ደኅና ነው፣ ሥራውም ደኅና ነው። እዚህ ደኅና ያልሆነ ሰው ስሙ ይመዘገባልና ሁላችንም ደኅና ነን።

ስልኩን ትቼ በወረቀት የመጣሁት በእርስዎው ትእዛዝ ነው። «ስልክ ላይ ስትቆጣ ቁጣህ ይቆራረጣል፤ ግማሽ ቁጣ ደግሞ ከሙሉው ይብሳል» ብለውኛል። እንግዲያው ሙሉውን እነሆ።

መኪናዋን ገዝቼ የላክሁት እርስዎ መንዳት እንዲያስተምሩባት፣ አባዬና እማዬም ከዚያው እንዲተዳደሩ ነበር። ያስተምራሉ፤ ይተዳደራሉ፤ ይህን አልካድኩም። ነገር ግን ነዳጅ የምትጠጣውን ስሰማ ግመልም በረሃ ልትሻገር ስትል እንዲህ አትጠጣም አልኩ። ስለዚህ መፍትሔ ልኬአለሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ ናት። ከመሪው ሥር መካኒኮች መመርመሪያቸውን የሚሰኩበት ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ይሰኳትና ይርሷት። እሷ ግን አትረሳዎትም። ነዳጁን ድንገት ሲረግጡ አንዴ ትጮኻለች። ፍሬን ድንገት ሲይዙ ሁለቴ ትጮኻለች። ቆመው ሞተር ካላጠፉ እስኪያጠፉ ድረስ ትጮኻለች። በሆዷ ሲም ካርድ ስላለ የዕለቱን ነጥብ ከመቶ፣ የዋሉበትን መንገድም በካርታ፣ ማታ ማታ እኔ ስልክ ላይ ትልካለች። ሰው ጠባዩን የሚያሻሽለው ሲታይ ነው።

እኔን ይመልከቱኝ። መጋዘናችን ውስጥ ሁላችንም እጃችን ላይ አምባር አለ፤ ቆም ስንል ትነዝረናለች። መጀመሪያ ይከብዳል፣ በኋላ ሰው ይለምዳታል፣ ከዚያም ያለ እሷ መራመድ ይረሳል። ባለፈው ወር ዘጠና አንድ አምጥቼ አለቃዬ በሰው ሁሉ ፊት ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። የጠራው ስም የሌላ ሰው ነበር፤ ምስጋናው ግን የእኔ ነው።

እግርዎን የሚያለዝብ፣ እጅዎን የሚያጸና አምላክ አይለይዎት።

የወንድምዎ ልጅ

*

ጥቅምት 2

ለወንድሜ ልጅ፣ ለመጋዘኑ ፈርጥ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከነጥቤ በቀር ሌላው ጤነኛ ነው። እናትህ ትስምሃለች። አባትህም ይስምሃል፤ ጆሮው ከዱሮው ብሶበት «ልጅህ ደብዳቤ ጻፈ» ስለው «ማን ጻፈ?» ብሎ፣ ስጮህበት «ምን ያስጮኽሻል?» ብሎኛል። ልብስ መስፋት ካቆመ ወዲህ ምሳውን ይበላና እስኪመሽ ይተኛል። እንቅልፉን ልብ ብለህ ብታየው ቅናት ይይዝሃል።

ዕቃህ በመንገደኛ እጅ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ ደረሰችኝ። እንዳዘዝከኝ ሰካኋት። የመጀመሪያው ተማሪዬ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ይህ ሰው ምላጭ ይዞ ጉሮሮህ ላይ ሲሄድ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ፍሪሲዮን ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ግን ነፍሱ ትወጣለች። ለቀቀው። መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ዘለለች፣ ዕቃህ አንዴ ጮኸች። ደንግጦ ፍሬን ያዘ፣ ሁለቴ ጮኸች። ሞተሩ ጠፋ፤ ጸጥ አለች። «አሁን ነው ደስ ያላት መሰለኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያን ቀን ያልተወቀሰው ሞተር ሲያጠፋ ብቻ ነበር።

ልጄ፣ ብርዱ አእምሮህ ገብቶ ካልሆነ አንድ ነገር ላስታውስህ። እኔ የምነዳው መኪና አይደለም፤ የምነዳው መንዳት የማይችል ሰው ነው። እሱ ሲችል ይሄድና ሌላ የማይችል ይመጣል። እድሜ ልኬን ጥሩ ነጂ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም፤ ጥሩ ሲሆንማ ምን ሊያደርግ ይከፍለኛል? ይህን ለዕቃህ ብትነግራት ደስ ይለኛል፤ እኔን አትሰማም።

አምላክ ከሚነዝር ነገር ሁሉ ይጠብቅህ።

አክስትህ

*

ጥቅምት 19

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ እንደወትሮው ነው፤ ምርቃቱም እንደወትሮው ይቁጠሩት። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሠላሳ አንድ። ይህን ቁጥር ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ተቀምጬ የነበርኩ ሰውዬ ብድግ አልኩ። በማግስቱ ሃያ ስምንት። ቅዳሜ ሠላሳ አራት ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ እሑድ ስለተቃረበ የመጣው ተማሪ አንድ ብቻ ነው።

ተማሪዎቹ ናቸው ይሉኛል። መሣሪያው ተማሪ ብሎ አያዝንም፣ አስተማሪ ብሎ አያፍርም፤ ፍትሕ ማለት ይኸው ነው። ደግሞስ ጥሩ አስተማሪ ጥሩ ተማሪ አያወጣም? ከዚህ ጋር ሰንጠረዥ አያይዣለሁ። በቀይ ያቀለምኩት የእርስዎ ነው። ሌላ ቀለም እንዳልተጠቀምኩ ያያሉ።

የእህቴ ባል ቀለም ቀቢው ነገሩን ሰምቶ ጽፎልኛል። «መኪናዋን ለእኔ ብትሰጠኝ ባልዲና መሰላል ጭኜ ሰማንያ አመጣለሁ» ይላል። ባልዲ ፍሪሲዮን አይረግጥም፤ የሰውዬው ሐሳብ ቁም ነገር አለው። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎት። እስከ ጥር መጨረሻ ሰማንያ ካልደረሱ መኪናዋ ወደ እሱ ታልፋለች። የገዛኋት እኔ ብሆንም የተመዘገበችው በአባዬ ስም ነውና የማዛወሪያውን ወረቀት አባዬ እንዲፈርም እልካለሁ። ለእርስዎም ቢሆን ከአንድ ጥግ ሆኖ ማረፍ አይከፋም።

አክባሪዎ

*

ኅዳር 8

ለባለ ሰንጠረዡ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ቁጣዬ ይረዝማልና ቦታ ልተውለት ብዬ ነው። አለሁ። አንድ ሌላ ሰውም ለጥቂት ነው ያለው።

ከተማሪዎቼ አንዲት ፋርማሲስት አለች። ከሕፃንነቷ አንደኛ ስትወጣ የኖረች፣ ክኒን እንኳ ሁለቴ የምትቆጥር ሰው ናት። ሌሎቹ ተማሪዎች ዕቃህ ስትጮኽ ወይ ይስቃሉ ወይ ይሰድቧታል፤ እሷ ግን ፊቷ ይቀላል። ከመኪና ሳትወርድ «እትዬ፣ ዛሬ ስንት አመጣሁ?» ትለኛለች። «ነጥቡ የሚነገረው ለወንድሜ ልጅ ነው» ስላት ትከፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ዕቃህን አስተማሪ፣ እኔን ተሳፋሪ አደረገችን።

ማክሰኞ ዕለት ከገበያው ጀርባ ያለውን መንገድ ይዘን እንሄዳለን። ውብ አድርጋ እየነዳች ነው፤ ከመሪው ሥር ኮሽ የሚል ነገር የለም። ከግንቡ ጥግ አንድ ሰው ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ ብቅ አለ። የባልና ሚስት ፍራሽ ነው፤ ግራና ቀኝ ታጥፎ ጆሮውንም ዓይኑንም ሸፍኖታል።

«ፍሬን» አልኳት።

ነዳጁን ለቀቀች፤ ፍሬኑን አልነካችም።

«ፍሬን ያዢ እኮ ነው የምልሽ።»

«ቀስ ብላ ትቆማለች፣ እትዬ።»

«ሰውዬው ቀስ ብሎ አይሞትም» ብዬ በእኔ በኩል ያለውን ፍሬን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

ከቅልጥሙ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ፍራሹ ኮፈኑ ላይ ተዘረጋ፣ ሰውዬው ፍራሹ ላይ። ሲነሣ ምን እንዳለኝ አልጽፍልህም፤ ግማሹ ስለ እናቴ ነበር፣ እናቴ ደግሞ አያትህ ናት። በዚያ ሁሉ መካከል ዕቃህ ሁለቴ ጮኸች። ልጅቷ መሪውን እንደጨበጠች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለሰውዬው መስሎኝ «አይዞሽ፣ ተርፏል» ብላት፣ «ዛሬ እኮ አንዴም ሳትጮኽብኝ ልጨርስ ነበር» አለችኝ።

አየህ ሥራህን? እኔ ሰው እንዳይገድሉ ሳስተምር፣ አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ ዕቃ እንዳያስጮኹ ታስተምራለህ። ፍሬን የተበጀው እንዲያዝ ነው። ነዳጅ ቆጥባ ሰው የምታባክን ነገር ልከህልኝ ሳበቃ በቀይ ቀለም ትሰድበኛለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስሰማ አንተ ትዝ ብለኸኝ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው አይመጣብኝም።

ቀለም ቀቢውንም አውቀዋለሁ። ግድግዳ ቅባ ሲሉት ወለሉንም ባለቤቱንም የሚቀባ ነው። መኪናዋን ከእጄ ብታወጣ እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፤ በባዶ ሜዳ ወንበር ደርድሬ «ይኼ ፍሪሲዮን ነው በሉ» እያልኩ አላስተምርም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ እጅህ ላይ ያለችው ነዛሪ ስትነዝርህ የሚብስብህ ሕመሙ ነው ወይስ ነጥቡ?

አክስትህ

*

ኅዳር 27

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ፍራሹ አዝናለሁ። መሣሪያው ግን «ፍራሽ» የሚል ዓምድ የለውም። የደረሰኝ የሚከተለው ነው፦ ድንገተኛ ፍሬን፣ እጅግ ከባድ፤ የዕለቱ ነጥብ ሃያ ሁለት። ከዚህ በታች ወርዶ የሚያውቅ ሾፌር እንደሌለ መልእክቱ ላይ ተጽፏል። አነበብኩት፤ ሁለተኛም አነበብኩት።

የማዛወሪያውን ወረቀት በአባዬ ስም ልኬአለሁ። ቀለም ቀቢው ብዕር ይዞ ይመጣል። አባዬ እስከ ጥር መጨረሻ እንዳይፈርም ጽፌለታለሁ፤ ለእርስዎ የተውኩት ዕድል ይህ ነው።

ስለ አምባሬ የጠየቁኝን አልመልስም።

አክባሪዎ

*

ታኅሣሥ 12

ለተወደድከውና ለተከበርከው ልጃችን፣

እንደ ማለዳ ፀሐይ የሚሞቅ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። በረዶው ይቅለልህ፣ አምባሩ ይልመድልህ፣ አለቃህም ስምህን ይያዝልህ።

ምክርህን ሰማሁ። የተቆጣሁትን እርሳው፤ ሴት ልጅ ስትቆጣ ትናገራለች፣ ሲበርድላት ታስባለች። አስቤም አስተማሪ ያዝኩ። ጎረቤታችንን የአስከሬን መኪና ነጂውን ታስታውሰው እንደሆነ እንጃ፤ ሰፈሩ «አይቸኩሌ» ነው የሚለው። ይህን ያህል ዘመን ሲያመላልስ ከጫናቸው ሰዎች አንዱ እንኳ «ፈጠን በል» ብሎት አያውቅም፤ ፍሬን ያዝክብኝ ብሎ የወቀሰውም የለም። መኪናውን በራችን ድረስ አምጥቶ አሳየኝ። የእሱም ከመሪው ሥር ልክ እንደኛዋ ያለ ቀዳዳ አላት። ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ።

ከእንግዲህ ነጥቤን በእርጋታ ጠብቅ። ለእናትህም ነግሬአታለሁ፤ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በደስታ ይመስለኛል።

ትሑቷ አክስትህ

*

ጥር 3

ለውድ እትዬ፣ ለቤተሰባችን መኩሪያ፣

ምን ብዬ ልጀምር? ዘጠና ሰባት። በማግስቱ ዘጠና ስምንት። ድንገተኛ ፍሬን፣ የለም። ነዳጅ መርገጥ፣ የለም። መታጠፊያ ላይ እንኳ መኪናዋ እንደ ዘይት ነው የምትፈሰው። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች «የወሩ አርአያ ሾፌር» የሚል ምስጋና ልከውልኛል፤ ከምስጋናው ሥር ደግሞ ብዙ ነገር ጽፈዋል፣ ለማንበብ እንኳ ደስታው አላስቻለኝም።

አለቃዬን አሳየሁት። «ይህች ሴት እኛ ጋ ብትሠራ» አለ። አዩ? ያኔ ተማሪዎቹ አስቸገሩኝ፣ ተማሪዎቹ ዘለሉብኝ ይሉኝ ነበር። ዛሬ የሚጭኗቸው ሰዎች እንዴት ጸጥ ያሉ፣ እንዴት የማያስቸግሩ መሆናቸው ከነጥቡ ያስታውቃል። ሰውን የሚያስተካክለው ተግሣጽ ነው የምለው ለዚህ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ የሚነበብ አጭር ምክር ቢጽፉልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ለቀለም ቀቢው ታገሥ ብዬዋለሁ። ወረቀቱ ግን አባዬ ዘንድ ይቆይ፤ ነጥብ የወጣውን ያህል ይወርዳል።

በእርስዎ የሚኮራ የወንድምዎ ልጅ

*

ጥር 11

እትዬ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ከትናንት ወዲያ የዚያን የዘጠና ሰባቱን ቀን ካርታ ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ነጥቡን እንጂ መንገዱን አላይም ነበር። መኪናዋ ከሆስፒታሉ ጓሮ ተነሣች። ወደ ሰፈራችን መጣች። እኛ በር አጠገብ ቆመች። ከዚያ ሰው በእግሩ ከሚሄደው በማይበልጥ ፍጥነት እስከ መቃብሩ ድረስ ሄደች፤ እዚያም ብዙ ቆየች። ማን ሞተ?

ደወልኩ። እማዬ አነሣች። ማን ሞተ ስላት «ማንም አልሞተም፣ አንተ ብቻ በደንብ ብላ» አለችኝ። አባዬን አገናኚኝ አልኳት። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሿን ሰማሁት። በኋላ «ተኝቷል» አለችኝ። በማግስቱ ደወልኩ፤ ተኝቷል። ዛሬም ደወልኩ፤ ተኝቷል።

እትዬ፣ አባዬ የት ነው የተኛው?

ሩቅ ነው፣ ብቻውን ነው፣ አይችለውም ብላችሁ ደብቃችሁኝ ከሆነ እስክሞት ይቅር አልላችሁም። ለዚህ ነው ለካ እንዲያ ቀስ ብለው የነዱት። እኔ ደግሞ ዘጠና ሰባት ብዬ ጨፈርኩ። አባቴ ተጭኖ ሲሄድ ነጥብ ቆጠርኩ። ለአለቃዬ አሳየሁ።

ልጅዎ

*

ጥር 30

ለወንድሜ ልጅ፣

አባትህ የተኛው አልጋው ላይ ነው። ምሳውን በልቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሁልጊዜው። ይህን ከሁሉ በፊት አንብብ፤ ቁጭ ብለህ ደግመህ አንብብ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ነው፤ እናትህ አሁኑኑ ቀስቅሳ ታገናኝሃለች፤ ይህ ወረቀት እጅህ ሳይገባ ድምፁን ሰምተኸዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጣዬ።

ዘጠና ሰባት ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ አይቸኩሌ ነው። ዕቃህን ከመኪናችን ነቅዬ በአስከሬን መኪናው ላይ ሰካኋት። በራችን አጠገብ የቆመችው የአይቸኩሌ ቤት እዚያው ስለሆነ ነው፣ መቃብር የምትሄደውም ሥራዋ ስለሆነ ነው። የሞቱት የሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እናትህ ትንፋሿ ብቻ የተሰማህ እኔ «ዕቃዋ የት እንዳለች ለልጁ እንዳትነግሪው» ብዬ አስምዬአት ስለነበር ነው። ውሸት አታውቅበትም፤ እውነቱንም እንዳትናገር ታስራለች፤ እንግዲህ ምን ቀራት? መተንፈስ።

አልዋሸሁህም። ደብዳቤዬን መልሰህ ተመልከት፤ አስተማሪዬ ማን እንደሆነ፣ መኪናው ቀዳዳ እንዳላት ጽፌልሃለሁ። አንተ ግን ቁጥር ከሌለበት መስመር ማንበብ ትተሃል። ሰንጠረዥህ እድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ተሳፋሪ አገኘልህ፤ የማይጮኽ፣ የማይቸኩል፣ የማይደነግጥ፣ ማንም የማይሻገርበት። በሕይወት ያለ ሰው ጭኜ ሃያ ሁለት አመጣሁ፤ ሬሳ ሲጫን ዘጠና ሰባት። ይህንንም «ተግሣጽ ነው» አልከው።

መደንገጥህ አሳዝኖኛል። እንዲህ ይሆናል ብዬ ሐሳቤም አልነበረ። ግን ደግሞ ክፉ ነኝና አንድ ነገር ሳልጠይቅህ አላልፍም፤ ካርታውን አይተህ ያለቀስከው ለአባትህ ብቻ ነበር ወይስ ላልፈረመው ወረቀትም ጭምር? አትመልስልኝ። ጠይቄ ትቼዋለሁ።

አክስትህ

*

የካቲት 14

ለእትዬ፣

አባዬ ስልኩ ላይ ጮኸብኝ። «ማነህ?» አለኝ። «ልጅህ ነኝ» ስለው «ማን?» አለኝ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጩኸት በሕይወቴ አልሰማሁም። ስልኩን ስዘጋ ግን ንዴቱ መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ያለቀስኩት ለአባዬ ነው። ይህን በመጠራጠርዎ ለብቻው ተቀይሜአለሁ፤ ከሌላው ቅያሜ ጋር እንዳይደባልቁት።

ያለቀስኩት የት እንደሆነ ያውቃሉ? አለቃዬ ፊት። መጋዘኑ ሕግ አለው፤ አባት ለሞተበት ሰው አምባሩን ለሳምንት ይፈቱለታል። ፈቱልኝ። እጄ ቀለለኝ፣ እትዬ። ቤቴ ውስጥ መስኮት እንዳለ አውቃለሁ፤ ውጭውን ያየሁበት ግን ያን ሳምንት ነው። ባልደረቦቼ አበባ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት አንዳቸውም ቤቴን አያውቁትም ነበር። አንዱ ጭነት አውራጅ፣ ይህን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ስንሠራ ቃል ያልተነጋገርን፣ የራሱን አባት አስታውሶ አቅፎኝ አለቀሰ። ወንበር ስለሌለኝ ሁላቸውም ቆመው ነው ያዘኑት።

አሁን ምን ልበላቸው? «ይቅርታ፣ አክስቴ ስትቀልድ ነው»? አልነገርኳቸውም። አባዬ እዚህ ሞቶ ይቆያል። አለቃዬ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስሜንም አሁን በትክክል ይዞታል። ነጥቤ ወደ ሰባ ሁለት ሲወርድ «ሐዘን ነው፣ ተዉት» አለ። ጭነት አውራጁ ምሳውን ያካፍለኛል። ይህን ሁሉ መልሼ የማፈርሰው በምን አፌ ነው? ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

ከምስጋናው ሥር ያላነበብኩትንም አሁን አነበብኩት። «መሣሪያው ከተመዘገበበት መኪና ተነቅሎ በሌላ ላይ ተሰክቷል» ይላል። ይህም ስድብ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ጥር አልፏል። ሰማንያ አልመጣም፤ የመጣውም የእርስዎ አይደለም። የማታለልዎ ዋጋ ይኸው ነው፤ አባዬ ይፈርም፣ መኪናዋ ለቀለም ቀቢው ትሰጥ። ይህንን ደብዳቤ ለአባዬ ያንብቡለት፤ አንድ ቃል እንዳያስቀሩ።

የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 29

ለወንድሜ ልጅ፣

እንዳዘዝከኝ አንድ ቃል ሳላስቀር አነበብኩለት። የአባትህን ጆሮ ስለምታውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ ሁሉ ያነበበልህ ያህል ቁጠረው። አይቸኩሌ ከመንገዱ ማዶ ሰምቶ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር።

ቀለም ቀቢው ብዕሩን ይዞ ቀድሞ ተቀምጧል። እናትህ ጥግ ይዛ እንደ ልማዷ ትተነፍሳለች። አባትህ የመስፊያውን መነጽር አድርጎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ቀና አለ።

«አበባ አመጡ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«ለእኔ?»

«ላንተ ሞት» አልኩት።

«ያ አውራጁም አለቀሰ?»

«አቅፎት ነው ያለቀሰ ይላል።»

«ደግ ሰው ነው» አለ። ቀለም ቀቢው ብዕሩን ከፍቶ እጁ ላይ አኖረለት። «አባባ፣ እዚህ ጋ ነው» አለው በጣቱ እያሳየ። አባትህ ብዕሩን ከደነና መለሰለት።

«የሞተ ሰው አይፈርምም።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ በሕይወት አሉ።»

«እዚህ ነኝ ያለሁት። ወረቀቱ የመጣው ከወዲያ ነው፤ ወዲያ ሞቻለሁ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጻፊ» አለኝ። ያለውን እንዳለ ልጻፍልህ፤ በቀይም ባይሆን ልብ ብለህ አንብበው። «ከሞት ያስነሣኝ። ለአለቃው ይንገር። አበባ ይዘው ለመጡት ሁሉ ይንገር። ለዚያ አብሮት ላለቀሰው ሰው ለብቻው፣ ቁጭ አድርጎ፣ ወንበር ገዝቶ ይንገር። ከተነሣሁ በኋላ ወረቀቱን አምጡልኝ፤ እፈርም አልፈርም እንደሆነ ሕያው ሆኜ አስብበታለሁ።» ወረቀቱን አጥፎ ትራሱ ሥር አደረገው፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀለም ቀቢው ትንሽ ተቀምጦ እናትህን ውሃ ጠይቆ፣ ጠጥቶ ሄደ።

ስትነግራቸው ምን እንደሚያደርጉህ አላውቅም ብዬ አልዋሽህም። አምባሯ ተመልሳ ትጠብቃለች፣ አለቃህም ስምህን ይረሳል። አባትህን ሞቶ ብትተወው ይመችሃል፤ ምሳም ያካፍሉሃል። እኔ ይህን ያህል ተቆጥቼብህ እንኳ የትኛውን እንድትመርጥ አልነግርህም፤ ባታለልኩህ ልክ አንድ ምክር ተቀነሰብኝ ብለህ ያዘው። መኪናዋን ግን በነጥብ እንዳልጠበቅኋት በፊርማም አትወስድብኝም። ፊርማው የሚገኘው መጋዘንህ ውስጥ ነው፤ ሄደህ አምጣው።

እስከዚያው መኪናዋ እኔ ዘንድ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ውጭ ቆሞ ይጠራኛል፣ ዛሬ ኋላ ማርሽ ነው የምናየው።

እንግዲህ ስለ አባትህ እግዚአብሔር ያጽናህ። እሱም እንዲሁ ብሎሃል።

አክስትህ